ስቲሙሌተሩ እንደገና ሊከፈት ነው፦ ከመፈረምዎ በፊት የሚጣራ፣ ከተሠራ በኋላ የሚጠበቅ

የጀርባ፣ የእግር ወይም የእጅ ሕመምን ለማስታገስ ወደ ሕብለ ሰረሰር ኤሌክትሪክ የሚልክ ስቲሙሌተር ተተክሎልዎት፣ ሐኪምዎ «ሪቪዥን (እንደገና ከፍቶ ማስተካከል) ያስፈልጋል» ካለዎት ቀን ለመያዝ አይቸኩሉ። ሪቪዥን የአንድ ቀዶ ጥገና ስም አይደለም። ያለቀ ባትሪ ተቀይሮ በዚያው ቀን ወደ ቤት መመለስም ሪቪዥን ይባላል፤ ከጀርባ አጥንት ጥቂት ተቆርጦ አዲስ ሽቦ ማስገባትም፣ ሁሉንም ነቅሎ ማውጣትም በዚሁ ስም ይጠራል። የማገገሚያው ጊዜ፣ አደጋውና ወጪው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ አስቀድመው ይህን ይጠይቁ፦ «የተበላሸው የትኛው ክፍል ነው? በምን አወቃችሁ?» መልሱ ክፍሉን በስሙ ጠርቶ፣ ማስረጃውን በራጅ ወይም በመለኪያ ካላሳየዎት ምርመራው ገና አላለቀም ማለት ነው።

ውስጥዎ ያለው ምንድን ነው?

ስቲሙሌተሩ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። አንደኛው ሊድ የሚባለው ቀጭን ሽቦ ነው። ጫፉ ላይ ኮንታክት የሚባሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 የሆኑ የብረት ቀለበቶች አሉት፤ የሚቀመጠውም በሕብለ ሰረሰሩ ሽፋንና በአጥንቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው። ሕመሙ የወገብና የእግር ከሆነ ሽቦው ወገብ አካባቢ በመርፌ ይገባና ወደ ላይ ተገፍቶ ጫፉ ቲ8 ወይም ቲ9 በሚባሉት የጀርባ አንጓዎች አጠገብ ይቀመጣል። የእጅ ሕመም ከሆነ ጫፉ አንገት ላይ ይሆናል። በመርፌ የማይገባ፣ እንደ ትንሽ ሰሌዳ ዝርግ የሆነ ሊድም አለ፤ እሱ የሚገባው አጥንት ተከፍቶ ነው። ዝርጉ እንደ ቀጭኑ በቀላሉ አይንሸራተትም፤ ጠባሳ ከያዘው በኋላ ግን ማውጣቱ በጣም ይከብዳል።

ሁለተኛው ማሰሪያው ነው። ሽቦው ከጀርባ በሚወጣበት ቦታ በማይሟሟ ክር ከጡንቻው ሽፋን ጋር የሚያያዝበት ትንሽ ቁራጭ ነው። ከማሰሪያው ቀጥሎ ሽቦው በዙር ተጠቅልሎ ትርፍ ይተውለታል፤ ሲያጎነብሱ የሚሳበው ይህ ትርፍ እንዲሆንና ጫፉ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ነው። ሦስተኛው ባትሪው ነው፤ ከመቀመጫ በላይ ወይም ከጎን፣ ከቆዳ ሥር በተሠራ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። በቻርጀር የሚሞላም አለ፣ የማይሞላም አለ።

ሲተከልልዎት የተሰጠዎት የመታወቂያ ካርድ ላይ የባትሪውና የሊዱ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር አለ። ካርዱ ከጠፋ ዛሬውኑ ማሽኑን የሠራው ኩባንያ ዘንድ ደውለው ምትክ ያስወጡ። ያለ እሱ የሚደረግ ምክክር ግማሹ ግምት ነው።

ብልሽቱን በስሙ መለየት

*ሽቦው ሲንሸራተት።* ዕቃው ላይ ከሚደርሱት ችግሮች በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ከወደቁ፣ ከባድ ነገር ካነሱ ወይም አጥብቀው ካጎነበሱ በኋላ እግር ላይ ይሰማ የነበረው ንዝረት ወደ ጎድን፣ ወደ ሆድ ወይም ወደ ሌላኛው እግር ይሸሻል። ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው ጠባሳው ሽቦውን አጥብቆ ሳይዘው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። ማረጋገጫው ከፊትና ከጎን የሚነሳ ራጅ ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ራጅ ብቻውን ብዙ አይናገርም። በተተከለበት ቀን ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ከተነሳው ምስል ጎን ለጎን መታየት አለበት። ያ ምስል ሌላ ሆስፒታል ካለ በሲዲ አስገልብጠው ይዘው ይሂዱ። ንዝረት በማይሰማበት የ10 ኪሎኸርትዝ (በሴኮንድ 10,000 ምት) ዓይነት የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የሸሸውን ቦታ በስሜት መለየት ስለማይችሉ፣ ማስረጃው ይኸው የራጅ ንጽጽር ይሆናል።

ጥቂት የተንሸራተተ ሽቦ ሁልጊዜ ቢላ አያስፈልገውም። ኮንታክቶቹ ተከታታይ ስለሆኑ፣ ጫፉ ወደ ታች ከወረደ ከላይ ያሉትን ኮንታክቶች ማብራት ሥራውን ሊመልሰው ይችላል። ይህ የሚደረገው ከኩባንያው ተወካይ ጋር ተቀምጦ ነው፤ በጥድፊያ የአሥር ደቂቃ ቀጠሮ አይሞላም። ተቀምጠው፣ ቆመው፣ ተኝተውም ሊሞከር ይገባል። ይህ ሳይደረግ «ሽቦው ይቀየር» ከተባሉ ይህን ሙከራ አስቀድመው ይጠይቁ።

*ሽቦው ሲሰበር ወይም ግንኙነቱ ሲላላ።* ማሽኑ ድንገት ይጠፋል፤ ወይም በሆነ አቅጣጫ ሲዞሩ ብቻ ይጠፋና ይመለሳል፤ አንዳንዴም እንደ ኮረንቲ ይነዝራል። ተወካዩ በፕሮግራመሩ ኢምፒዳንስ ይለካል፤ ኤሌክትሪኩ በእያንዳንዱ ኮንታክት ለማለፍ ምን ያህል እንደሚቸገር የሚያሳይ ቁጥር ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች ከ10,000 ኦም በላይ ከሆነ መስመሩ ተቆርጧል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ከመጠን በላይ ዝቅ ካለ ደግሞ ሁለት መስመሮች ተነካክተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹን በወረቀት ይቀበሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ታማሚ የማይነገረው ነገር አለ። ከፍተኛ ኢምፒዳንስ ሁልጊዜ የተሰበረ ሽቦ ማለት አይደለም። ሽቦው ባትሪው ውስጥ የሚሰካበት ቦታ ላይ ብሎኑ ላልቶ ወይም ፈሳሽ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ የሚከፈተው የባትሪው ኪስ ብቻ ነው፦ ሽቦው ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ተመልሶ ይሰካል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ እንደገና ይለካል። ስለዚህ «ጀርባዬን ከመክፈታችሁ በፊት ኪሱን ከፍታችሁ ግንኙነቱን ትፈትሻላችሁ?» ብለው ይጠይቁ፤ የሥራው ቅደም ተከተልም በፈቃድ ወረቀቱ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ።

*ባትሪው።* የማይሞላው ባትሪ ዕድሜው ሲያልቅ መቀየሩ የታወቀ ነው። የሚሞላው «አልሞላ አለኝ» ሲባል ግን ባትሪው ላይ ከመፍረድ በፊት የሚሞከር አለ። በሌላ ቻርጀር ይሞክሩት። በደረትዎ ተኝተው፣ የቻርጀሩን ቆዳ ላይ የሚያርፍ ክፍል በጣት ስፋት እያንቀሳቀሱ የተሻለውን ቦታ ይፈልጉ። ካልሆነ ራጅ ይነሳ፤ ባትሪው ኪሱ ውስጥ ዞሮ ጀርባውን ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ክብደት ከጨመሩ ከቆዳው ርቆ ይሆናል፤ የሚሞሉት ከቆዳ በታች ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ካለፉ ቻርጀሩ ይቸገራል። መፍትሔው ኪሱን ማስተካከል ነው፤ ባትሪው ራሱ ደህና ከሆነ ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ሕመሙ ስለተሻለዎት ወይም ማሽኑን ስለጠሉት ለወራት ሳይሞላ መተው ደግሞ በአንዳንድ ሞዴሎች ባትሪውን ጨርሶ ይገድለዋል።

*ኪሱ ሲያም።* ሲቀመጡ ወይም ቀበቶ ሲታጠቁ ብቻ የሚያም ከሆነ ችግሩ ቦታው ነው። ከከሱ በኋላ ቆዳው ሳስቶ ባትሪው ጎልቶ ከታየ፣ ቀልቶ ካብረቀረቀም፣ ቆዳው ከመበሳቱ በፊት ሐኪም ይይዎት። ብረቱ አንዴ ከታየ እንደ ተበከለ ነው የሚቆጠረው።

*ኢንፌክሽን።* ቁስሉ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ መግል ይወጣዋል። ትኩሳት ላይኖር ይችላል። የሰውነት መቆጣትን የሚያሳዩት የደም ምርመራዎች ሲአርፒ እና ኢኤስአር ከቀዶ ጥገና በኋላ ለጥቂት ሳምንታት በራሳቸው ከፍ ስለሚሉ ብቻቸውን አይበቁም። ቤት የቀረ አሞክሳሲሊን ጀምረው ወደ ክሊኒክ አይሂዱ፤ ጀርሙ በምርመራ እንዳይለይ ያደርጋል። የቆዳው ብቻ ከሆነ በአንቲባዮቲክ ሊድን ይችላል። እስከ ባትሪው ወይም እስከ ሽቦው ከዘለቀ ግን ሁሉም ዕቃ ይወጣል። ምክንያቱም ባክቴሪያው ብረቱና ፕላስቲኩ ላይ መድኃኒት የማይገባው ስስ ሽፋን ይሠራል። «ባትሪውን ብቻ አውጥተን ሽቦውን እንተወው» የሚል ሐሳብ ከቀረበ ለምን እንደሆነ አጥብቀው ይጠይቁ፤ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚደርስ መግል ከሁሉ የከፋው አደጋ ነውና። አዲስ የሚተከለው ኢንፌክሽኑ ሙሉ በሙሉ መጥፋቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው፤ ይህ ሳምንታት፣ ብዙውን ጊዜም ወራት ይፈጃል።

ከኢንፌክሽን ጋር የሚምታታ አንድ ነገር አለ። በኪሱ ውስጥ የሚጠራቀም ንጹሕ ፈሳሽ ለስላሳ እብጠት ይሠራል፤ አይሞቅም፣ አይቀላም። አብዛኛውን ጊዜ በመጠቅለያ ቀበቶና በጊዜ ይጠፋል። ማንም በተራ መርፌ እንዲመጥጠው አይፍቀዱ፤ ንጹሑን ፈሳሽ የሚበክለው ያ መርፌ ሊሆን ይችላል።

ዕቃው ደህና ሆኖ ሕመሙ ሲመለስ

ይህን ለብቻው የለየነው ከሁሉም በላይ ሰው ያለ ፍሬ የሚከፈትበት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። ራጁ ሽቦው በቦታው እንዳለ ያሳያል። ኢምፒዳንሱ ደህና ነው። ንዝረቱም የሚያመውን ቦታ በትክክል ይሸፍናል። ሕመሙ ግን ተመልሷል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በመስከረም 2020 (እ.ኤ.አ.) ለሐኪሞች በጻፈው ደብዳቤ፣ ከሐምሌ 2016 እስከ ሐምሌ 2020 በእነዚህ ማሽኖች ላይ 107,728 ሪፖርቶች እንደደረሱት ገልጿል፤ ከታማሚዎች በኩል በብዛት የተመዘገበው ቅሬታም ሕመሙን በቂ አለማስታገሱ ነበር። ሪፖርት የተረጋገጠ ጥፋት አይደለም፤ ከመቶ ስንት ሰው እንደተጎዳም አይናገርም። ነገር ግን ይህ የእርስዎ ብቻ ችግር እንዳልሆነ፣ በእርስዎ ስንፍናም እንዳልመጣ ያሳያል።

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ነርቭ ለተመሳሳይ ምት ይለማመዳል። በኮንታክቶቹ ዙሪያ ጠባሳ ይወፍራል። ወይም በሽታው ራሱ ገፍቷል፣ ሌላ በሽታም ተጨምሯል፦ አዲስ የዲስክ መንሸራተት፣ የአጥንት ቦይ መጥበብ፣ ወይም ጭራሽ ከጀርባ ያልመጣ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ይሆናል። ስለዚህ ሕመሙ ቦታውን ወይም ባሕርዩን ከቀየረ እንደ አዲስ ታማሚ መመርመር አለብዎት። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው «አዲስ ሞዴል ወጥቷል፣ ባትሪውን እንቀይርልዎ» ሲባል ጥያቄው አንድ ነው፦ አዲሱ ምን የተለየ ሞገድ ይሰጣል? በአሜሪካ 10 ኪሎኸርትዙ የተፈቀደው በ2015፣ ምቶችን በጥቅል በጥቅል የሚሰጠው በርስት የሚባል ሞገድ ደግሞ በ2016 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተተከለለት ሰው በእርግጥ ያልሞከረው ነገር ሊኖር ይችላል። መጀመሪያ ግን ያለው ማሽን የሚሰጣቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ይሞከሩ፤ ማሽኑን ለጥቂት ሳምንታት አጥፍቶ እንደገና መጀመርም አንዳንዶችን ይረዳል። ከዚያም ከመትከል በፊት የመሞከሪያ ጊዜ ይኑር። በመጀመሪያው ተከላ «ሕመሙ ቢያንስ 50 ከመቶ መቀነስ አለበት» የተባለው መስፈርት ለሁለተኛው የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ማውጣትም አንዱ ምርጫ ነው። የማይጠቅም ማሽን ተሸክሞ ኤምአርአይ እየተከለከሉና ኪስ እያመመ ከመኖር ይልቅ ማስወጣት ሽንፈት አይደለም፤ ሐኪሙ ካላነሳው እርስዎ ያንሱት።

ስለ አሮጌው ሽቦ የሚጠየቅ

አዲስ ሽቦ ሲገባ አሮጌው ይወጣል ወይስ ይቀራል? ዛሬ ትንሽ የሚመስለው ይህ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ከባትሪ ጋር ያልተያያዘ የተጣለ ሽቦ ወይም የተቆረጠ ቁራጭ በሰውነት ውስጥ ካለ፣ ማሽኑ ለኤምአርአይ ያለው ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል፤ ሽቦው እንደ አንቴና ሆኖ ሊሞቅ ይችላልና። የአንዱን ኩባንያ ሊድ በማገናኛ ከሌላ ኩባንያ ባትሪ ጋር ማያያዝም ያንኑ ፈቃድ ሊያሳጣ ይችላል። ካንሰር የታከሙ ወይም ሌላ ተደጋጋሚ ኤምአርአይ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ይህን ከመጀመሪያው ይናገሩ። ዝርጉን ሊድ ከጠባሳ ውስጥ ማውጣት ነርቭ ላይ አደጋ ስላለው፣ ሐኪሙ መተዉን ቢመርጥ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ምክንያቱን ግን ሳያውቁ አይፈርሙ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት ሳምንታት

የመድኃኒት ዝርዝርዎን ከነመጠኑ ይጻፉ። ከሁሉ በፊት ደም ማቅጠኛ። በአሜሪካ የሕመም ሐኪሞች በሚከተሉት መመሪያ አዲስ ሽቦ ማስገባት ከፍተኛ የመድማት አደጋ ካላቸው የሚመደብ ሲሆን፣ ዋርፋሪን ከ5 ቀን በፊት ቆሞ ደሙ ይለካል፤ ክሎፒዶግሬል 7 ቀን፣ አፒክሳባን እና ሪቫሮክሳባን 3 ቀን፣ ናፕሮክሲን 4 ቀን፣ ኢቡፕሮፌን 1 ቀን አስቀድሞ ይቆማል። ይህን ግን በራስዎ አያቁሙ። የልብ ቧንቧ ስቴንት ወይም በቅርቡ የደም መርጋት ያለበት ሰው መድኃኒቱን ማቋረጡ ከጀርባው የባሰ ጉዳት ያመጣል፤ ያዘዘልዎት ሐኪምና የቀዶ ሐኪሙ ተነጋግረው ቀኑን በጽሑፍ ይስጡዎት። በየቀኑ የሚወስዱትን ጠንካራ የሕመም መድኃኒትም በድንገት አይተዉ፤ ማደንዘዣ ሰጪው መጠኑን ይወቅ። ነጭ ሽንኩርት በክኒን መልክ፣ የዓሣ ዘይት፣ ጫትና ከቤት የሚጠጡት ማንኛውም መድኃኒት ሁሉ ይነገር፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ በተለይ ማደንዘዣ ሰጪው ማወቅ አለበት። ማንም አይቀየምዎትም።

ስኳር ካለብዎ የወራቱን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ኤ1ሲ ይለካ፤ ብዙ ሐኪሞች ከ8 በላይ ከሆነ ቀኑን ያራዝማሉ፣ ትክክልም ናቸው። ሲጋራ የቁስልን መዳን ያዘገያል፤ በተቻለ መጠን ከ4 ሳምንት በፊት ይቁም። የአፍንጫ ናሙና ተወስዶ ስታፍ የተባለው ባክቴሪያ መድኃኒት የተላመደ ዓይነት ከተገኘብዎ ሙፒሮሲን የተባለ ቅባት በቀን 2 ጊዜ ለ5 ቀን አፍንጫ ውስጥ ይታዘዛል። በዋዜማውና በጠዋቱ በክሎርሄክሲዲን ሳሙና ይታጠቡ፤ ጀርባዎን በምላጭ አይላጩ፤ በምላጭ የሚፈጠር ጭረት ለጀርም በር ይከፍታል።

ጾም ላይ ከሆኑ ሁለት ነገር ይለዩ። የቀዶ ጥገናው ጾም የራሱ ሰዓት አለው፦ ቅባት ያለው ምግብ 8 ሰዓት፣ ቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት አስቀድሞ ይቆማል። ወተት የሌለው ቡና እንደ ውሃ ይቆጠራል፤ ማኪያቶ ግን እንደ ምግብ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ቁስል ፕሮቲን ይፈልጋል። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከዚያ ጊዜ ጋር ከገጠመ አስቀድመው ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሼኽዎ ጋር ይነጋገሩ፤ በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። መጾም ከመረጡ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ በየቀኑ ይብዛ።

የባትሪው ቦታ የሚቀየር ከሆነ ቦታው የሚመረጠው ተኝተው አይደለም። ዘወትር የሚለብሱትን ለብሰው፣ ቀበቶ ወይም መቀነት ታጥቀው፣ ቆመውም ተቀምጠውም በማርከር ምልክት ይደረግበት። መቀነቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የተቀመጠ ባትሪ በየቀኑ ያስቀይማል።

በአሜሪካ ከሆኑ ኢንሹራንሱ አስቀድሞ መፍቀዱን በጽሑፍ ያግኙ፤ የሆስፒታሉ፣ የቀዶ ሐኪሙና የማደንዘዣ ሰጪው ሂሳብ ተለያይቶ ስለሚመጣ ሦስቱም በኢንሹራንስዎ ውስጥ መሆናቸውን ይጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅዎን ከትምህርት ቤት አስቀርተው አያስተርጉሙ፤ «ሽንትዎ ያመልጥዎታል?» የሚለውን ልጅ ፊት በእውነት የሚመልስ ወላጅ ጥቂት ነው።

በመጨረሻም የአሁኑ ፕሮግራሞችዎ ሁሉ፣ የሚበሩት ኮንታክቶች፣ ጉልበቱና ድግግሞሹ በተወካዩ ተመዝግበው ይውጡ። አሮጌው ባትሪ ሲወጣ አብሮ የሚጠፋው ለዓመታት የተፈለገው ቅንብር ነው።

በዕለቱ

ማሽኑን አጥፍተው፣ ሪሞቱንና ቻርጀሩን ይዘው ይሂዱ። ቆዳው ከመከፈቱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴፋዞሊን 2 ግራም፣ ከ120 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው 3 ግራም ነው። ለፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ ካሉ ምን እንዳደረገዎት በዝርዝር ይንገሩ፤ ማቅለሽለሽና ትንፋሽ ማጠር አንድ አይደሉም። ቀጭኑን ሊድ በሚያስተካክሉበት ጊዜ ቀስቅሰው «የት ይሰማዎታል?» ሊሉዎት ይችላሉ፤ ለማስደሰት ብለው «ደህና ነው» አይበሉ፤ የማያመው ቦታ ላይ ከሆነ ያንኑ ይናገሩ። ዝርጉ ሲገባ ግን ብዙውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶ ነርቮቹ በመሣሪያ ክትትል ይደረግባቸዋል።

ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ጠባሳው ክፍተቱን ስለሚያጣብበው የሕብለ ሰረሰሩ ሽፋን የመበሳት ዕድሉ ይጨምራል። ከመውጣትዎ በፊት አራት ነገር ይዘው ይውጡ፦ የመጨረሻውን የፊትና የጎን ምስል፣ የኢምፒዳንስ ቁጥሮቹን፣ አዲሱን ካርድ፣ እንዲሁም የወጣው ዕቃ ለምርመራ ወደ ኩባንያው መላኩን ወይም አለመላኩን።

ከዚያ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት አንድ ነገር ቀጠሮ አይጠብቅም። አዲስ የእግር መዛል፣ ሽንት አልወጣ ማለት ወይም ማምለጥ፣ በመቀመጫ መካከል መደንዘዝ፣ እየባሰ የሚሄድ የጀርባ ሕመም ካለ፣ ደም ወይም መግል ሕብለ ሰረሰሩን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ እዚህ ላይ የሚቆጠረው በሰዓታት ነው። ሲቆሙ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚለቅ ራስ ምታት የሽፋን መበሳት ምልክት ነው፤ በዚያው ቀን ይደውሉ። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽም እንዲሁ።

ሽቦው ከተነካ ለ6 እስከ 8 ሳምንት ማጎንበስ፣ መጠምዘዝና ማንሳት የለም። ከ2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ የከበደ አያንሱ። እጅን ከራስ በላይ መዘርጋትም ይታገዳል፤ ሽቦው አንገት ላይ ለሆነ ሰው እስክስታ በዚህ ጊዜ ውስጥ የለም፣ የልጅ ሰርግ እንኳ ቢሆን። በእኛ ቤት ሽቦ የሚስበው ምን እንደሆነ የሆስፒታሉ ወረቀት አይጽፈውም፤ እንጽፈው፦ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ ምጣድ ላይ አጎንብሶ እንጀራ መጋገር፣ በሳፋ ልብስ ማጠብ፣ ልጅ ማዘል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስግደት። ጸሎቱ ወንበር ላይ ይሁን፤ ሶላትም በመቀመጥ ይሰገዳል። ከመሬት የሚነሳ ነገር ካለ ጉልበትን አጥፎ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ ወይም ሌላ ሰው ያንሳው። ባትሪ ብቻ ከተቀየረ ገደቡ ያጥራል፤ ሐኪሙ ይንገርዎ።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪገጥም ውሃ ውስጥ አይዘፈቁ፤ ገንዳ፣ ፍል ውሃና ጸበል መጠመቅ ይቆያል። ጸበል መጠጣት ቁስሉን አይነካውም። ወጌሻም ሆነ ሌላ ሰው ጀርባዎን እንዳያሽ፤ ማሰሪያውን ያላላል። ፊዚዮቴራፒ ሲሄዱ «ዳያተርሚ አይደረግልኝም» ብለው አስቀድመው ይናገሩ፤ ያ የሙቀት ሕክምና፣ ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን፣ በሽቦው በኩል ሕብለ ሰረሰርን ሊያቃጥልና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ካሰቡ ስፌቱ ተነቅሎ፣ ገደቡ ተነስቶ፣ ፕሮግራሙ ረግቶ ይሁን፤ ችግር ቢመጣ እዚያ የኩባንያ ተወካይ ከጎንዎ አይኖርም። ቻርጀሩ 220 ቮልት መቀበሉን ጀርባው ላይ ያንብቡ፤ ለሶኬቱ ሁለት ክብ እግር ያለው ማገናኛ ይያዙ፤ መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ባትሪው እስኪዳከም ሳይጠብቁ ይሙሉት። በአየር ማረፊያ ፍተሻ ካርዱን አሳይተው በእጅ እንዲፈትሹዎ ይጠይቁ፤ በበሩ ማለፍ ግድ ከሆነ ማሽኑን አጥፍተው ሳይቆሙ ይለፉ።

የ6 ወይም የ8 ሳምንቱ ገደብ ሲነሳ፣ ሕመሙ በተሻለበትና ማሽኑ በሚሠራበት በዚያ ጊዜ፣ ከፊትና ከጎን አንድ ራጅ ይነሱ፤ ኢምፒዳንሱም ይለካ። ቀኑን ጽፈው ከካርዱ ጋር በአንድ ፖስታ ያስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ የሆነ ነገር ቢቀየር መወዳደሪያው ይህ ይሆናል።